ለታጨደ ማሳ የተሾመች ጭልፊት

ስለዚያች ጭልፊት ባወራሁ ቁጥር ሰዎች «አንቺ እኮ ሆደ ቡቡ ነሽ» ይሉኛል። ምን ሆደ ቡቡ! እኔ ወፍ ወድጄ አላውቅም። ዶሮም ብትሆን ወጧን እንጂ እሷን አልወዳትም። ያን ሁሉ መንገድ ያንከራተተኝ አዘኔታ ሳይሆን ንዴት ነው፤ ንዴቱ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ዕጣ አወጣሁና ሸዋ ሮቢት ደረሰኝ። የጣርማ በርን ዋሻ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ያለፍኩ ሴት፣ ቁልቁለቱን ጨርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ሹራቤን የማወልቅበት ጊዜ እንኳ ሳይሰጠኝ ወበቁ አነቀኝ። ባዮሎጂ አስተምሪ ተባልኩ። ቀበሌው የሰጠኝ ቤት ከከተማው ዳር፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነበር። የጀርባ መስኮቱ የሚከፈተው ማሽላ ማሳ ላይ ነው። ማሳው የጎረቤቴ ነበር። ጎረቤቴ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጃቸውን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱባቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። እትዬ እላቸው ነበር፤ እዚህም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እትዬን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በጩኸታቸው ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር፣ ገና ጎህ ሲቀድ ማሳው መሃል ካለው ማማ ላይ ይወጡና «ሃይ! ሂድ! ሂድ አንተ ሌባ!» እያሉ ወንጭፋቸውን ያስጮሃሉ። እኔ ከአልጋዬ ዘልዬ እነሣለሁ። አንድ ቀን ቢመረኝ አንገቴን በመስኮት አወጣሁና፣ «እትዬ፣ በናትዎ ትንሽ ያስተኙን!» አልኳቸው።

«አንቺ በደመወዝሽ ተኚ! የኔን ደመወዝ ግሪሳ እየበላብኝ ነው!» ብለው መለሱልኝ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ማታ አንድ ሰሃን ንፍሮ ይዘው መጡና ታረቅን፤ ሲወጡ ግን «እንቅልፋም» ብለውኝ ነው የወጡት።

ግሪሳን ለማያውቅ ልንገረው። ከድንቢጥ የማይበልጥ ወፍ ነው። አንዷን ብቻዋን ብታዩዋት ታሳዝናችኋለች። ግን ብቻዋን አትመጣም። ደመና ሆነው ነው የሚመጡት። ማሳ ላይ ሲያርፉ አገዳው ይጎብጣል፤ ሲነሱ ዛላው ባዶ ገለባ ሆኖ ይቀራል። የይፋት ቆላ ገበሬ ዝናብ ከመቅረቱ ቀጥሎ የሚፈራው እሱን ነው። ለዚህ ነው ማሽላው እስኪደርቅ ድረስ ቤተሰቡ በየተራ ማማ ላይ የሚውለው። እትዬ ግን የሚቀይራቸው ሰው አልነበረም።

ሌላም ጣጣ ነበረባቸው። በአገሩ ልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ልጁ ሲዘምት የገበሬ ማኅበሩ «የዘማች ቤተሰብን መሬት እኛ እናርሳለን» ብሎ በስብሰባ ላይ አጨብጭቧል። አላረሰም አልልም፤ አረሰ። መጀመሪያ የአምራቾች ኅብረት ሥራውን መሬት አረሰ፤ ቀጥሎ የሊቀመንበሩን፤ ቀጥሎ የሊቀመንበሩን አማች። የእትዬ ተራ የደረሰው ሌላው ሰው ማሽላውን ማረም ሲጀምር ነው። ዘግይቶ የተዘራ ዘግይቶ ይደርሳል። የአገሩ ማሽላ ሁሉ ታጭዶ ተወቅቶ ሲገባ የእትዬ ብቻ ገና ወተቱን ቋጥሮ ቆሞ ቀረ። ታዲያ የአካባቢው ግሪሳ ሁሉ ወዴት ይሂድ? ጠቅልሎ እትዬ ላይ ዘመተ። ያ ማሽላ የዓመት ቀለባቸው ነበር። ላም የለ፣ ሌላ መሬት የለ፤ እሱ ከተበላ ተበሉ ማለት ነው።

ጭልፊቷ የመጣችው ይሄኔ ነው። አንድ ጠዋት ማሳው ዳር ካለው ደረቅ ግራር ላይ ተቀምጣ አየናት። ግሪሳው ሲመጣ አንዴ ትወረወርና አንዷን ነጥቃ ትመለሳለች፤ የቀረው ተበትኖ ወንዙን ይሻገራል። ቀስ እያለ መምጣቱንም ቀነሰ። ግራሩ ላይ እሷን ካየ ክንፉን አዙሮ ይሄዳል። እትዬ መጀመሪያ አላመኑም ነበር። ኋላ ግን ቀን ቀን ከማማው እየወረዱ ጥላው ሥር ጋደም ማለት ጀመሩ።

«ልጄን ቢወስዱብኝ አላህ ጠባቂ ላከልኝ» ይሉኛል።

ጭልፊቷ ለሆዷ ነው እንጂ ለእትዬ አዝና እንዳልመጣች አውቃለሁ። ይሁን። እኔም በሷ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ደህና ተኛሁ፤ ስለዚህ አፌን ያዝኩ።

እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የአገሩ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ ፀረ-ግሪሳ ዘመቻ ታወጀ። መሪው ከከተማ የተላከ ካድሬ ነበር። የካኪ ኮቱ ኪስ ላይ እስክሪብቶ ደርድሮ የሚሄድ፣ ስለ ሁሉም ነገር የሚናገር፣ አንድም ነገር ቀርቦ ያላየ ሰው። እኛ አስተማሪዎች ተማሪዎቻችንን ይዘን እንድንወጣ ታዘዝን። ለዘመቻ የሚሆን ማሽላ የቆመው የት ነው? የእትዬ ማሳ ላይ! ከተማው በሙሉ ከበሮና ቆርቆሮ እየደበደበ፣ መፈክር እያሰማ እዚያው ሰፈረባቸው። ግሪሳ ያልበላውን ሰው በእግሩ ጨፈለቀው። እትዬ ማማው ላይ ቆመው «ኧረ ቀስ! ኧረ በአላህ ይዣችኋለሁ!» ይላሉ። ማን ሰምቷቸው።

ግሪሳው ገና ከበሮውን ሲሰማ ወንዙን ተሻግሯል። ጠላት የሌለበት ዘመቻ ደግሞ ለሪፖርት አይመችም። ካድሬው ዙሪያውን ሲቃኝ ግራሩ ላይ ጭልፊቷን አያት።

«ያቻትና! ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ።

አንድ ገበሬ «ጓድ፣ እሷ እንኳ ግሪሳ አይደለችም፣ ጭልፊት...» ብሎ ሲጀምር አላስጨረሰውም። «ወፍ ወፍ ነው! ልዩነት አንፈጥርም!»

አንድ አብዮት ጠባቂ ወንጭፉን አዞረና ለቀቀው። ጭልፊቷ እየተንከባለለች ወደቀች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ካድሬው በግራ እጁ ጡጫ እያሳየ ድል መገኘቱን አበሰረና ሁሉም እየዘፈነ ተመለሰ።

እኔ ተማሪዎቹን አሰናብቼ ስመለስ እትዬ ጭልፊቷን በሻሻቸው ጠቅልለው ይዘዋታል። አልሞተችም። ግራ ክንፏ ከመሃሉ ታጥፎ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኗ ግን እሳት ነው። የእትዬን አውራ ጣት ነክሳ አድምታዋለች።

«አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽ? ግጠሚልኝ!» አሉኝ።

ወይ ጉዴ! እኔ የእርግብን ሆድ ዕቃ በባለ ቀለም ጠመኔ እስላለሁ እንጂ የተሰበረ ክንፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም። «ወደ ከብት ሐኪሙ እንውሰዳት» አልኩ። እትዬ ወዲያው ተስማሙ። ሐኪሙ የእህታቸውን ላም ከሞት አፍ እንዳወጣ አይተዋል። «ላም ያዳነ ወፍ ያቅተዋል?» አሉና ቅርጫት አመጡ። «ግሪሳው ከድንጋጤው ሳይመለስ ቶሎ ደርሰን እንምጣ።»

ክሊኒኩ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ሁለት መግቢያ አለው። አንዱ የሰው ነው። ሌላው ከብት እንዳይፈራገጥ ግራና ቀኙ በግንድ የታጠረ፣ አንድ በሬ ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ዘበኛው ቅርጫቱን ገልጦ አየና በዱላው ወደ መተላለፊያው አመለከተ።

«ታካሚ በዚያ ነው።»

«ወፍ እኮ ናት!» አልኩት።

«ታካሚ አይደለችም?»

«ናት።»

«በዚያ ነዋ! ለሷ ብለን ደንብ እንቀይር?»

«ታዲያ ብቻዋን በእግሯ ትግባ?»

«ከብት የሚነዳው ሰው ከኋላ ይከተላል።»

ልሟገተው ስል እትዬ «ተይ፣ ጊዜ የለንም» ብለው ቅርጫቱን አንግበው እበቱን እየረገጡ ግንዱ መሃል ገቡ። እኔም ተከተልኩ። ከፊታችን አንድ በሬ ተገትሮ ነበር፤ እስኪታከም ድረስ ጭራው ፊታችን ላይ ሲወራጭ ቆየን። እትዬ «ሐኪሙ አስተማሪ መሆንሽን ሲያይ ያከብርሻል» ብለውኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የሄድኩት። ስለ ሸሚዙ ሌላ አልናገርም።

ሐኪሙ እንደኔው በዕጣ የወደቀ ወጣት ነው። ዝውውር የሚጠብቅ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል፤ እጁ ሥራ ላይ፣ ዓይኑ አውቶቡስ መንገድ ላይ ነው። ቅርጫቱን ሲያይ «ዶሮ ናት?» አለ። ጭልፊት ናት ስንለው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«የማን ናት?»

«የአላህ» አሉ እትዬ።

«እሱማ ሁሉም የፈጣሪ ነው። እኔ የምፈልገው የማኅበር አባል የሆነ ባለቤት ነው። ባለቤት የሌለው እንስሳ ባክም የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የኔ ናት።»

«እማማ፣ የዱር እንስሳ የግለሰብ አይሆንም። የኔ ናት ካሉ አጥምደው ያዙ ማለት ነው፤ ያስጠይቅዎታል።»

«በቃ የማንም አይደለችማ!»

«የማንም ካልሆነች ደግሞ አላክማትም።»

ደሜ ፈላ። «አንተ የተማርከው ለማከም ነው ወይስ ለመዳኘት?» አልኩት።

አልተቆጣም። ወደ በሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ ከኔ በፊት እዚህ የነበረው ሰው ያለ ትእዛዝ መድኃኒት አወጣ ተብሎ የት እንዳለ ሰምተሻል? ሊቀመንበሩ ይምጣና ‹አክማት› ይበለኝ። አንዲት ቃል ብቻ። ከዚያ እንደ ልጄ ነው የማክማት።»

ፈሪ! አልኩ በሆዴ። ግን የፈራውን ነገር እኔም ስለማውቀው ጮክ ብዬ አላልኩትም።

ሊቀመንበሩን ሻይ ቤት አገኘነው። ገበሬ ነው፤ ግን ሞፈር ከጨበጠ የሰነበተ። እትዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዱት። ሻዩን አማሰለ፤ ደግሞ አማሰለ።

«የኔ ናት ብል በዱር እንስሳ እጠየቃለሁ» አለ። «የርስዎ ናት ብል እርስዎ ይጠየቃሉ። የመንግሥት ናት ብል ‹የመንግሥትን ንብረት በወንጭፍ የመታ ማነው› ይባላል፤ የመታው ደግሞ የኛው ልጅ ነው። ስለዚህ ወፏ የለችም። እኔ አላየኋትም።»

«ይቻትና!» አልኩት ቅርጫቱን አፍንጫው ሥር ደቅኜ። ጭልፊቷ አንገቷን ብቅ አድርጋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«አላየኋትም አልኩሽ እኮ አስተማሪ» ብሎ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

ወይ ሊቀመንበር! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በዚያ አገር ግን በየቀኑ እየሰማንም አልጠባልን አለ። እትዬ በቁማቸው ማልቀስ ጀመሩ። ለወፏ እንዳይመስላችሁ። «ነገ ጠዋት ግሪሳው ሲመጣ ግራሩ ባዶ ነው» ይላሉ። «እኔ ከእንግዲህ ድምፄም የለ፣ ክንዴም የለ። ልጄ ሲመጣ ምን አበላዋለሁ?»

በዚህ መሃል ካድሬው ራሱ ከነአጃቢዎቹ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ።

«ጓድ፣ ዛሬ ያስመቷት ወፍ እኮ ግሪሳ የምታባርር ናት! እሷ ካለችበት ማሳ ግሪሳ አይደርስም። ገበሬውን ሁሉ ይጠይቁ!»

ሊቀመንበሩ ብርጭቆው ውስጥ መስጠም የፈለገ ይመስላል። ካድሬው ግን አልተቆጣም። ግንባሩን ቋጠረና፣ «ግሪሳን ትዋጋለች?» አለ።

«ትበላዋለች!»

ፊቱ በራ። «እንግዲያው ተራማጅ ናት!»

ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል። ሊቀመንበሩ ወዲያውኑ ጭልፊቷን አያት፤ እንዲያውም ቅርጫቱን ካልተሸከምኩ አለ። ካድሬውን አስቀድመን ክሊኒኩ ስንደርስ ያ ዘበኛ የሰውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆመ። ሐኪሙ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ ጭልፊቷን ተቀበለ።

«ጓድ፣ ወፍ አክሜ አላውቅም» አለ።

«አብዮቱ አይቻልም የሚል ቃል አያውቅም!»

ያን ያህል ሲርበተበት አይቼ የሚገድላት መስሎኝ ነበር። ግን ክንፉን ቀስ ብሎ አስተካክሎ ከጎኗ ጋር አጣብቆ በፋሻ ጠቀለለው። «በጥላ ውስጥ፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ሳትነካ ትክረም። ሥጋና ውሃ ይሰጣት» አለ። ፋሻውን ቋጥሮ ሲጨርስ እትዬ እፎይ አሉ። ካድሬው ግን አልረካም።

«መርፌስ?»

«መርፌ አያስፈልጋትም ጓድ።»

«ለበሬ የሚሰጥ መርፌ ለሷ የሚከለከለው በምን ምክንያት ነው?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ከበሬው መድኃኒት ጠብታ ታህል ቀድቶ ወጋት። ካድሬው ራሱን ነቀነቀና ንግግር አደረገ፤ ለአምስት ሰውና ለአንድ ጭልፊት። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በመንግሥት መድኃኒት የታከመች ስለሆነች ከዛሬ ጀምሮ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ንብረት ናት፤ እዚያው ማሳ ላይ ትመደባለች።

እትዬ የሰሙትን አላመኑም። «የናንተ ማሽላ እኮ ታጭዷል! ጎተራ ገብቷል! የቆመው የኔ ነው!»

«እማማ፣ የግል ጥቅምዎን ከሕዝብ ጥቅም አያስቀድሙ።»

«ምን ልትጠብቅ ነው ታዲያ? ጉቶ?»

«ለሚመጣው ዓመት ትለማመዳለች» አለ፤ ሳይስቅ።

ሐኪሙ «ጥላ ውስጥ...» ብሎ ጀመረና የተረፈውን ፋሻ መጠቅለል ያዘ። ጭልፊቷን ወሰዷት።

የኅብረት ሥራው ማሳ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ያን ጊዜ ከታጨደ አገዳ ጉቶ በቀር ምንም የለበትም። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ተከሉና እግሯን በሲባጎ አስረው ጫፉ ላይ አስቀመጧት። ያ የሮቢት ፀሐይ! ድንጋይ የሚያፈላ ፀሐይ! የሚመግባት ሰው ገና በኮሚቴ አልተመደበም ነበር፤ ኮሚቴው ደግሞ አልተሰበሰበም። ስለዚህ የመገቧት እትዬ ናቸው። «ትድንና ትመለስልኛለች» ብለው አይጥ እያደኑ፣ ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ እየለመኑ፣ በጣሳ ውሃ ይዘው ይሄዳሉ። እሳቸው ሲሄዱ ማማው ባዶ ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ እወጣ ነበር። ወንጭፉን ሳዞረው ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የራሴን ጣራ ይመታል። ወንጭፉን ትቼ በባዶ አፌ እጮሃለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ «አስተማሪዋ አበደች» አለ። ይበሉ! በእኔ ጩኸትም ሆነ በአላህ ጥበቃ ግማሽ ያህሉ ማሽላ እህል እንደያዘ ቆየ። ጥቂት ቀን ቢታገሱት ይደርቅና ይታጨዳል። እትዬ ዛላውን እየዳሰሱ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ» ይሉ ነበር።

ያን ትንሽ ቀን አላገኙም። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ካድሬው ግሪሳን በሳይንስ የሚዋጋ አዲስ ዘዴ አገኘሁ ብሎ አስነግሯል መሰለኝ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ! ጉቶው ተጠረገ፤ እንጨቱ በቀይና በቢጫ ቀለም ተቀባ፤ ጭልፊቷ ከነፋሻዋ ከላይ ተጎለተች። የከተማው ሰው፣ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ ሜዳው ላይ እንዲሰለፍ ታዘዘ። እትዬ «እኔ እንኳ ማሽላዬን ልጠብቅ» ብለው ለምነው ነበር። «ምስጋና የሚቀርብልዎ ለርስዎ ነው፤ እንዴት ይቀራሉ?» ተባሉና ከፊት አቆሟቸው።

እንግዶቹ ዘግይተው መጡ። ንግግሩ ተጀመረ። መሃል ላይ ከወንዙ ማዶ አንድ ጥቁር ነገር ተነሳ። ገበሬው ሁሉ አወቀው፤ አንገቱን ቀና አደረገ። ግሪሳው ነው። እየተጠቀለለ፣ እየተዘረጋ በራሳችን ላይ አለፈና ወደ እትዬ ማሳ ወረደ። እትዬ «ያ ረቢ!» ብለው ሊሮጡ ሲነሱ አንድ አብዮት ጠባቂ ክንዳቸውን ያዘ።

«ፕሮግራሙ አላለቀም።»

«የልጄ ቀለብ ነው! ልቀቀኝ!»

«አላለቀም አልኩ።»

ያኔ ጭልፊቷ ግሪሳውን አየች። ፋሻዋንም፣ ሲባጎዋንም ረስታ ተወረወረች። ሲባጎው ጎትቶ መለሳትና ቁልቁል ተዘቅዝቃ እንጨቱ ላይ ተንጠለጠለች፤ በአንድ ክንፏ አየሩን ትመታለች። እንግዶቹ ትርኢቱ የታቀደ መስሏቸው አጨበጨቡ። እነሱ ሲያጨበጭቡ ሌላውም አጨበጨበ። ካድሬው ፈገግ ብሎ እጅ ነሳ። ሐኪሙ ሊያወርዳት ወደፊት ሲራመድ አብዮት ጠባቂዎቹ በዓይናቸው መለሱት።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግሪሳውም ጨርሶ ነበር። ጭልፊቷም እዚያው ሞታለች። ለማውረድ ትእዛዝ ስላልመጣ ተንጠልጥላ ዋለች። ሲባጎውን የቆረጡት እትዬ ናቸው፤ ማንንም አላስፈቀዱም። ከዚያን ቀን በኋላ ማማው ላይ አልወጡም። ጠዋት ጠዋት ዝም አለ። ያን ጸጥታ ስንቴ እንደተመኘሁት እያሰብኩ አልጋዬ ላይ እገላበጣለሁ፤ እንቅልፍ የለም።

ከዚያ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ተራው መድረሱ ትዝ አለው። የዘማች ቤተሰብን ማሽላ በደቦ ለማጨድ ባንዲራ አስቀድሞ መጣ። ከፊት ካድሬው አለ፤ አዲስ ማጭድ ይዞ። ገበሬዎቹ ዛላውን ገና ከሩቅ ሲያዩ አወቁ። ባዶ ነው። አንዱ ሌላውን አየ። ግን የታዘዙት ሊያጭዱ ነው፤ አጨዱ። ገለባውን እየዘፈኑ አጨዱት፤ ከመሩት፤ ካድሬው «ለዘማቹ ቤተሰብ ቃላችንን አከበርን» አለ።

የደቦ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የታጨደለት ሰው አጫጁን ያበላል። አጫጅ ጦሙን የሄደበት ቤት ስሙ አይነሳም። እትዬ ባላቸው በነበሩ ጊዜ በደቦ ምሳቸው የታወቁ ነበሩ አሉ። ሰዎቹ ግራሩ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እኔ ያለችኝን ዳቦ ልሰጣቸው ወደ ቤታቸው ስገባ እትዬ የሚያምረውን ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። «ዳቦሽን ያዥ» አሉኝ።

ማስታጠቢያ ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ካድሬውን አስታጠቡት፣ በትልቅ እንግዳ ወግ፣ ጎንበስ ብለው። ከዚያ ሁሉንም በየተራ። ተመልሰው ገቡና በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ትሪ አምጥተው መሃል አስቀመጡ። ጨርቁን ገለጡት። ባዶ የማሽላ ዛላ ነው፤ በወግ በወጉ ተደርድሮ።

«ቢስሚላህ! ቅረቡ!» አሉ።

ገበሬዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አንዱ ሽማግሌ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ካድሬው ግን የተጠበሰ እሸት መስሎት ነው መሰል፣ ቅር አላለውም። አንድ ዛላ አነሳና ገበሬ ሲያደርግ እንዳየው በመዳፎቹ መሃል አሸው። ከዚያ እፍ አለ። ገለባው በነነ። መዳፉን አየው። ሌላ አነሳ፤ አሸ፤ እፍ አለ። ከዚያ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

እትዬ ማስታጠቢያውን እንደያዙ ከፊቱ ቆመዋል።

«ምነው ልጄ?» አሉት። «አፈር ስሆን! አንዴ እንኳ ጉረስልኝ እንጂ!»